የዶክተር ልሳነወርቅ ብሎን

አንድ ግንበኛ ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዶክተር ልሳነወርቅ ሌላ ጅማት ተክለው፣ ልዩ ቅብ ባለው ብሎን ከአጥንቱ ጋር አሰሩለት። «ይህን ቅብ አጥንት እንደ ወንድሙ ነው የሚያቅፈው» እያሉ ለመጣ ለሄደው ይደሰኩሩ ጀመር። ዓመት ሞላ፤ አጥንቱ ግን ብሎኑን ዞር ብሎም አላየው፤ ግንበኛውም ከዘራ ይዞ ቀረ።

ዶክተሩ በዚያው ብሎን ሊሸለሙ በተጠሩበት አዳራሽ ግንበኛውን መድረክ ላይ አስወጡት። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ «በል እንግዲህ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጉልበቴን ስመህ አመስግነኝ» አሉት።

ግንበኛው ከዘራውን እንደተደገፈ፣ «መሳሙንስ እስም ነበር፣ ጌታዬ» አለ። «ግን አንዴ ዝቅ ካልኩ በኋላ የሚያነሳኝ እርስዎ ያከሙት ጉልበት ነው።»