ከቋጥኙ ላይ የተፋቀው የድንጋይ ሽበት

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው ሐይቅ በከበባት አንዲት ሞቃት ደሴት ላይ ነው፤ ሥራው የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ። ከጠበሉ በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ የድንጋይ ሽበት የሚሉት፣ ድንጋይ የሚያለብስ ለምለም ዕፅ ይበቅል ነበር። ትርሲት የምትባል የዕፅዋት ተመራማሪ መጥታ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ከዚህች ደሴት ሌላ የትም የለም። የሰማይ የምድር አደራ!» አለችው።

«ዓይኔ እያየማ ማንም አይነካውም፣ ልጄ!» አላት።

የንግሥ በዓል ደረሰ። ጳጳስ ይመጣሉ ተባለ። ሰውየው ቋጥኙን አየና አፈረ። «ይኼን ሻጋታ አይተው ምን ይሉናል?» አለ። አደራውን ረስቶ ነው? አልረሳም። እንግዳው በለጠበት እንጂ! ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በገጀራ ሙልጭ አድርጎ ፋቀው፤ ፍቅፋቂውንም በጆንያ ወስዶ ከደሴቲቱ ጀርባ ደፋው። ማንም አላየውም። ጳጳሱ? ቋጥኙን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ትርሲትም ለበዓሉ መጥታ ኖሮ፣ ባዶውን ድንጋይ ስታይ ወደ ሰውየው ሮጠች። «ማን ነው የፋቀው? የት ደፋው? ፀሐይ ሳያደርቀው ካገኘነው ይተርፋል። ጋሼ፣ አላዩም?»

ምን አለ መሰላችሁ? «እኔ እንጃ፤ እነዚህ ጎረምሶች ይሆናሉ» አለ።

ፍለጋ ተጀመረ። እሱም አብሯቸው ይፈልጋል። አዎ፣ ይፈልጋል! የት እንደደፋው እያወቀ ድንጋይ ይገለብጣል፤ ቁጥቋጦ ይገልጣል። ጎረምሶቹ «እኛ አይደለንም» እያሉ ሲምሉ ይሰማል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አልቻለም። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ነይ ላሳይሽ» አላት።

ሲደርሱ ደርቋል። በጣቷ ስትነካው እንደ ሻይ ቅጠል ደቀቀ። አልሰደበችውም። «ምነው ጠዋት በነገሩኝ!» ብቻ አለች። ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ወገኖቼ፣ የድንጋይ ሽበቱን ምን ገደለው? ገጀራው ነው? ከገጀራውስ ተርፎ ነበር። የገደለው ያ ግማሽ ቀን ነው።

እናንተስ? የሚስታችሁን ልብ አቁስላችሁ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁ የላችሁም? የወንድማችሁን ስም አጥፍታችሁ፣ «ማን ይሆን እንዲህ ያስወራብህ?» እያላችሁ አብራችሁት የምታዝኑስ? አንገታችሁን አትድፉ፤ እኔም አለሁበት። ይኼን ስነግራችሁ ፊቴን እያቃጠለኝ ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምሳ አትብሉ። አስቀድማችሁ የበደላችሁት ሰው ቤት ሂዱ። እኔን ምሳ የጋበዛችሁኝም ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የማንኳኳው በር አለብኝ።