ደብሪቱና ባለ ሁለት እንስራው ጋን

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ ላይ አምባና ታች አምባ። በታች አምባ ደብሪቱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ንዴቷ ቶሎ አይበርድም፤ ሥራዋ ላይ ግን ችኮላ አታውቅም። በዚያው መንደር አያ ቸኮለ የሚባል ሰው ነበረ። እሱ ደግሞ አፉ ማር፣ ሆዱ ክፉ።

የምንጩ ሕግ እንዲህ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከየመንደሩ አንድ ሰው ይወጣል። ሁለት እንስራ ውኃ የሚይዝ ጋን በጀርባው ያዝልና ኮረብታው አናት እስካለው ዋርካ ድረስ ሳያሳርፍ ይወጣል። ቀድሞ ያደረሰ መንደር ዓመቱን ሙሉ ውኃውን ወደ እርሻው ይጠልፋል። የተቀደመው የሚጠጣውን ብቻ ይቀዳል።

የታች አምባን ጎረምሶች ለዚህ ቀን የሚያዘጋጀው አያ ቸኮለ ነበር። ጉልበት በሦስት ቀን ይመጣል፣ ከባዱን ዛሬውኑ አንሱ ይላቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ያዘጋጀው ልጅ ጉልበቱ ወለቀ። በሁለተኛው ዓመት ያዘጋጀው ልጅ ትከሻው ወለቀ። በሦስተኛው ዓመት የደብሪቱ ታናሽ ወንድም፣ ደምለው፣ ወገቡ ተቀጨ።

ሦስት ዓመት ውኃው ወደ ላይ አምባ ሄደ። ሦስት ዓመት የታች አምባ ጎመን በቁሙ ደረቀ። አያ ቸኮለም ሦስቴ አንድ ነገር ተናገረ፦ «ልጁ ሰነፍ ነው።» መንደሩም አመነው።

ደብሪቱ ያን ጊዜ ንዳድ ጥሏት ከርሞ ገና መነሳቷ ነበር። ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ አየችውና ደሟ ፈላ። በትር ተደግፋ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። ለከርሞ ጋኑን የምሸከመው እኔ ነኝ አለቻቸው። ሳቁባት። በሽተኛነቷን ነገሯት፤ ሴትነቷንም ጨመሩበት።

«ዓመቱን ሙሉ ውኃ ሲሸከም የኖረው ማን ሆነና ነው?» አለች።

ደፍሮ የሚወጣ ጎረምሳ አልነበረምና ፈቀዱላት።

እንዴት እንደምትለማመድ የመከራት የተጎዳው ወንድሟ ነው። ደምለው ከተኛበት ሆኖ፣ «ዋርካውን ለጊዜው እርሺው። መጀመሪያ አጥሩ ድረስ ሂጂ» አላት።

ጥቅምትን እስከ አጥሩ ሄደች፣ ተመለሰች። ኅዳርን እስከ ግራሩ ሄደች፣ ተመለሰች። ታኅሣሥን ኮረብታው ወገብ ድረስ ወጣች፣ ተመለሰች። ጥር ላይ ባዶውን ጋን አዘለች። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ቅል ውኃ ትጨምራለች። እሑድ ታርፋለች። ጉልበቷን ያመማት ቀን አንድ ቅል ትቀንሳለች እንጂ አትተውም። ማታ ማታ የደረሰችበትን ለደምለው ትነግረዋለች፣ የነገውን እሱ ይነግራታል።

ሚያዝያ ላይ አያ ቸኮለ ደጇ መጣ። በዚህ አካሄድሽ ለመስከረም አትደርሺም፣ ሙሉውን ዛሬ ካነሳሽ ግን መንደሩ ይኮራብሻል አላት።

«አያ ቸኮለ፣ ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም» አለችው ደብሪቱ። «ያቺን ቃል ከአፍህ እስክትመልሳት ከደጄ አትቁም።»

መስከረም ጠባ። የላይ አምባው ጎረምሳ ሦስት ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ስላሸነፈ ሰውነቱን ማለማመድ ትቷል። ጋኑን አዝሎ እየሮጠ ተነሳ፤ ኮረብታው ወገብ ላይ ትንፋሹ አለቀና አሳረፈ። ደብሪቱ በለመደችው እርምጃ አለፈችው። ከዋርካው በታች ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ጋኑን ግን አላወረደችም። ከዚያ ወጣች።

የታች አምባ ሰው እልል ሲል፣ ይመኑ የሚባለው የላይ አምባ ጭቃ ሹም በንዴት ነደደ። ሕዝብ መሃል መቆሙን ረስቶ አያ ቸኮለን ደረቱን ያዘው።

«በቅሎዬን መልስ! ሰዋቸውን ሁሉ እንድትሰብርልኝ ብዬ እንጂ አንዲት ሴት እንድታመልጥህ ብዬ ነው የሰጠሁህ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሦስቱ ልጆች እናቶች ድንጋይ አነሱ፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው መሃል ገብተው ያስጣሏቸው። ተበዳይዋ ትናገር ተባለ። ደብሪቱ በቅሎውን አልጠየቀችም፣ ደሙንም አልጠየቀችም። አያ ቸኮለ የሦስቱን ልጆች ስም እየጠራ፣ ሰነፍ እንዳልነበሩ ሁሉም እየሰማ እንዲናገር ብቻ ጠየቀች። አያ ቸኮለም አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ሰምተውት ሲያበቁ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ ሦስቱ ልጆች ሞፈር እስኪጨብጡ ድረስ መሬታቸውን አያ ቸኮለ ይረስ አሉ።

ሁለቱ ድነው ሞፈራቸውን ጨበጡ። የደምለው ወገብ ግን ቀና ሳይል ቀረ። ስለዚህ አያ ቸኮለ ፀጉሩ እስኪሸብት የደምለውን መሬት ሲያርስ ኖረ።

ልጆቼ፣ ሰውነታችሁን ስታለማምዱ ዛሬ የሚችለውን ስጡት፣ ነገ ትንሽ ጨምሩለት። ሰብሯችሁ ሲያበቃ ሰነፍ የሚላችሁን ሰው ግን አትመኑት፤ ዝምም አትበሉት። የእኔ ነገር ይኸው ነው፤ ይዛችሁት እደሩ።