ልጅቷን ያስፈራት ሰው

አንዲት ምላሰኛ ድንች ቸርቻሪ ወላጆቿ የሞቱባትን የልጅ ልጇን ታሳድግ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የከተማው የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ አቶ ልሳኑ ደጇን ሳያንኳኩ ገብተው ልጅቷን በጥያቄ ያጣድፏት ጀመር። እሷ ግን አያቷ ቀሚስ ሥር ተወሽቃ ትንፍሽ አልል አለች።

አቶ ልሳኑ ወደ አያቷ ዞሩና፣ "ይሄ ሆዷ ውስጥ የተቀበረ ፍርሃት ነው። ምንጩም እዚሁ ቤት ያለ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ማሳደጊያ አስገባታለሁ" አሏት።

ሴትዮዋ ክው አለች፤ ከዚህች ልጅ ሌላ ማንም የላትም። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣

"እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ የሚያስፈራት ሰውዬ አሁንም እዚሁ ቤት አለ። ችግሩ፣ እርስዎ ካልወጡ እሱም አይወጣም" አለቻቸው።

ከቀሚሷ ሥር የልጅቷ ሳቅ ተሰማ። አቶ ልሳኑም ልጅቷን ትተው ባርኔጣቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ።