በጊደር የተለወጠው ውሻ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። መሬቱ ከገደል አፋፍ ላይ ነበር፤ ከላይ ማሳው፣ ከማሳው በታች ጥሻው፣ ከጥሻው በታች ቆላው። አንተ አዲሱ ጭቃ ሹም፣ «ደጄን ከሚጠኑት ሰዎች የሚያመሰግነኝን ላቅርብ ወይስ የሚያናድደኝን?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ምክር ብሰጥህ ከደጄ ሳትርቅ ትረሳዋለህ። ስለዚህ የዚህን ገበሬ ነገር ልንገርህ።

ገበሬው ታታሪ ነበር፤ ይህን ማንም አይነፍገውም። ክረምቱን ሙሉ ሲያርም፣ ሲኮተኩት ከርሞ በቆሎው እሸት ሊይዝ ሲል ከርከሮ ይገባበታል። ከርከሮ እንደ ዝንጀሮ ቆርጦ ይዞ አይሄድም። ይጥላል፣ ያኝካል፣ ይተፋል፣ የቀረውን በአፍንጫው ይገለብጠዋል። ጠዋት ብቅ ሲል ማሳው ሠርግ ያለፈበት ግቢ መስሎ ይጠብቀዋል። ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው ገበያ አይወጣ፤ ለገበሬ ከከርከሮ የሚተርፈው እልህ ብቻ ነው።

ከወንዙ ማዶ አያ ገላው የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩት። የአያ ገላው ሀብት ጥቂት ፍየሎችና ፍየሎቹ የሚቀጥፉባት አንዲት ቁጥቋጦ የበዛባት ተረተር ናት። ገበሬው ከርከሮው ከዚያች ተረተር እንደሚመጣ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። የሌላ ሰው ጥሻ ከሩቅ ሲያዩት ጨለማ ይመስላል፤ የራስ ጥሻ ግን ጥላ ነው።

የእርሱ ጥሻ ከአባቱ የወረሰው ነበር። አጋሙና ቀጋው እርስ በርሱ ተቆላልፎ ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ አይገባበትም። አባቱ በሕይወት ሳለ ቀፎ ይሰቅልበት ነበር። ከሞተ ወዲህ ማንም ዘልቆ አላየውም፤ ገበሬው ግን ድግስ ላይ ሁለት ብርሌ ከጠጣ፣ «የአባቴ ጥሻ» ማለት ይቀናዋል። አንድ ጊዜ ከዳር ባለች ግራር ግንድ ላይ ጭቃ ተለቅልቆ አይቷል፤ ከርከሮ ገላውን ሲያክ የሚተወው ዓይነት ጭቃ። «በሬዬ ነው» አለና አለፈ።

በመጨረሻ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። ገበሬው ቆሞ፣ «አያ ገላው ተረተሩን ይመንጥሩት፤ የተበላብኝንም እህል ይካሱኝ» አለ።

«ተረተሩ ከተመነጠረ ፍየሎቼን ምን ላበላቸው ነው?» አሉ አያ ገላው። «በዚህ ዕድሜዬ አኩፋዳ ይዤ ለልመና ልውጣ?» ቀጥለውም፣ «ያንተስ ጥሻ?» አሉት።

ገበሬው ቱግ አለ። «ከእኔ ጥሻ አንዲት ከርከሮ ብትወጣ በአገር ፊት ልዋረድ! የአባቴን መሬት የአውሬ ጉድጓድ ልታደርጉት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያም ነገሩን ለአደን ሰጡት። መጪው በዓል ባለፈ ማግስት አገሩ ጦሩንና ውሻውን ይዞ ይውጣ፣ ከርከሮ የተገኘበት ጥሻ ይመንጠር፣ የጥሻው ባለቤትም ካሳ ይክፈል ብለው በየኑ። ሁለቱም «እሺ» ብለው ተለያዩ።

ገበሬው ሁለት ውሾች ነበሩት። ሁለቱም ሲጮሁ ይውላሉ። ለመንገደኛው ይጮሃሉ፣ ለአሞራው ይጮሃሉ፤ አንዱ ሲጮህ ደግሞ ሌላው እርሱ ስለ ጮኸ ይጮሃል። ለዚህ ጉዳይ እነዚህ አይሆኑኝም አለና አንዲት ጊደር እየነዳ ቆላ ወርዶ በከርከሮ አደን ስማቸው የተጠራ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄደ። አዛውንቱ አንድ ዳለቻ ውሻ አወጡለት። ጎኑ የገባ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ሲያዩት ልብ የማይሞላ ውሻ ነው። ገበሬው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ፣ ደረቱን ዳበሰ።

«በጊደር የሚለወጠው ይኼ ነው እንዴ?» አለ።

«እርሱ ነው።»

«ይነክሳል?»

«ብዙም አይነክስም» አሉ አዛውንቱ። «የሚናከሰውን ከርከሮ በክራንቻው ዘልዝሎት ይሄዳል። እንደዚያ ያሉትን ቀብሬ ጨርሻለሁ።»

«ሩጫስ?»

«ከእርሱ የሚሮጥ ሞልቷል።»

«ታዲያ ጊደር የሚያወጣው ምኑ ነው?»

አዛውንቱ የውሻውን የተቀደደ ጆሮ ዳበሱ። «ከርከሮ ካለ ይነግርሃል፤ ከሌለ አይነግርህም» አሉ። «አንተ ብትለምነውም።»

የመጨረሻዋን ቃል ገበሬው ልብ አላላትም። ጊደሯን አስረክቦ ውሻውን በገመድ ይዞ ዳገቱን ወጣ።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ጊደሯስ?» አለችው።

«ይኸውልሽ» ብሎ ውሻውን አሳያት።

«እሰይ! በየት በኩል ነው ታዲያ የሚታለበው?» ብላ ፊቷን አዙራ ገባች።

እውነትም ዳለቻው ለቤቱ የሚረባ አልመሰለም። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ ያይና መልሶ ይተኛል። ሁለቱ ውሾች ሲንጫጩ እርሱ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። አንድ ጠዋት ገበሬው ሊያለማምደው ብሎ ወደ አያ ገላው ተረተር ሥር ወሰደው። ውሻው ዞር ዞር ብሎ አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ተጋደመ። «አገሩ ናፍቆት ነው» አለ ገበሬው። ሲመለሱ በራሱ ጥሻ ጥግ ሲያልፉ ግን ገመዱ ድንገት ተወጠረ። ገበሬው ጎትቶ ወደ ቤት ወሰደው። «ርቦት ነው» አለ።

የአደኑ ቀን አገሩ ወጣ። ጎረምሳው ጦር ይዞ፣ ሽማግሌው ምርኩዝ ይዞ፣ ውሻ ያለው ውሻውን እየሳበ የአያ ገላውን ተረተር ከበበው። አያ ገላው ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ፍየሎቻቸውን ከቤት ዘግተው መጥተው ነበር፤ የፍየሎቹ ጩኸት እዚያ ድረስ ይሰማል።

ውሾቹ ተለቀቁ። ተረተሩ በጩኸት ተናጋ። የገበሬው ፊት በራ፤ «ሰማችሁ? ሰማችሁ?» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ከቁጥቋጦው አንዲት ሚዳቋ ፈንጥራ ወጥታ አመለጠች። ቀጥሎ ጥንቸል ወጣች። ከዚያ በኋላ ምንም አልወጣም፤ ውሾቹ ግን ጩኸታቸውን አላቆሙም፤ አንዱ ሌላውን እየሰማ ይጮሃል።

ዳለቻው ከገበሬው እግር ሥር እንደ ተቀመጠ ነው።

«ግባ! ያዝ! ያዝ!» አለው። አልገባም። በእግሩ ገፋው። ውሻው ፈቀቅ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። በዚያች ሰዓት ገበሬው ከርከሮ እንኳ አላማረውም፤ አንዲት ጩኸት ብቻ ነበር ያማረችው። የቆላውን አዛውንት ውሻ ዝና አገር ሁሉ ሰምቶታል። አንዴ ቢጮህለት ሽማግሌዎቹ ያምኑ ነበር፤ አውሬው አምልጦ ነው ይባል ነበር፤ ተረተሩም ይመነጠር ነበር። ውሻው ግን ለአንዲት ጩኸት እንኳ ሰሰተ።

«ጊደሯ ተኛች!» አለ አንዱ ከኋላ። አገር ሳቀ።

ያን ጊዜ ዳለቻው ተነሣ። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አነሣ፤ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻገረ፤ መሬት መሬቱን እያሸተተ በገበሬው ማሳ ጥግ አልፎ በቀጥታ ወደ ገበሬው አባት ጥሻ ሄደ። ከግራሯ አጠገብ ቆመ፤ ጮኸም። ጩኸቱ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም፣ ከአንድ ቦታ አይናወጥም።

የሰዉ ዓይን ወደ ገበሬው ዞረ። ገበሬው አንገቱ ድረስ ሞቀው። «ና!» ብሎ ጠራው። ውሻው ጆሮውን ወደ ድምፁ መለስ አደረገ፤ እግሩን ግን አላነሣም። «ና ብያለሁ!» ብሎ ወንዙን ተሻግሮ ሮጠ፤ ሰዉም ተከተለው። ገበሬው እንደ ደረሰ በጦሩ እጀታ የኋላ እግሩን መታው። ውሻው አለቀሰ፤ ወደቀ። ትንሽ እዚያው ቆየ። ከዚያ በሦስት እግሩ ተነሥቶ ወደ ገበሬው ሳያይ ወደ ጥሻው ዞረ፤ ያንኑ ጩኸት ከዚያው ቦታ ቀጠለ።

ገበሬው ጦሩን ዳግመኛ አነሣ። ማንም እጁን አልያዘውም። ከኋላው የአያ ገላው ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ዳገቱ አድክሟቸው እያለከለኩ ነበር።

«ተው ልጄ» አሉት። «እርሱ ምን አደረገህ?»

እኒህ ሰው ሊስቁበት ይችሉ ነበር፤ አልሳቁም። ቢስቁ ኖሮ ገበሬው ውሻውን ሳይገድለው አይቀርም ነበር። አለመሳቃቸው ክንዱን አዛለው። ጦሩ ቀስ እያለ ወረደ። ከግራሯ ግንድ ላይ የተለቀለቀውን ጭቃ አየው፤ ከላዩ ሻካራ ጠጉር ተጣብቆበታል። የበሬ ጠጉር አይደለም። ቀድሞም ያውቀው ነበር። ያወቀው ዛሬ እንዳልሆነ ሲገባው ከሰዉ ይልቅ ራሱን አፈረ።

«ገጀራ አቀብሉኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጥሻው የኔ ነው። እኔ እከፍታለሁ፤ እናንተ ክበቡ።»

አጋሙን እየቆረጠ፣ እጁ በእሾህ እየተጫረ መንገድ አወጣ። ብዙም ሳይዘልቅ ምድሩ ተንቀጠቀጠና አንድ ጎምላላ ከርከሮ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጣ፤ ከኋላው እናቲቱና ግልገሎቹ። ጦረኛው ተደነባብሮ ተበተነ። ዳለቻው ግን በሦስት እግሩ እያነከሰ ከወንዱ ፊት ተደቀነ። አልነከሰውም። ወደ ግራ ሲዞር በግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር በቀኝ እየቆመ፣ እየጮኸ ሰው እስኪደርስ ያዘው። ክራንቻው ጎኑን ጫር አድርጎት ነበር፤ ከቦታው ግን አልሄደም። ጎረምሶቹ ደርሰው ወጉት። ግልገሎቹና እናቲቱ ወደ ገደሉ ወርደው አመለጡ።

ሽማግሌዎቹ ፍርድ መድገም አላስፈለጋቸውም። ገበሬው በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ አያ ገላው ደጅ ሄደ። አያ ገላው ወጥተው ድንጋዩን ከትከሻው በገዛ እጃቸው አወረዱለት፤ «ከባድ ነው፤ ምነው ትንሽ አልመረጥክም?» አሉት። ጥሻው እስከ ቆላው ድረስ ተመነጠረ። ሲመነጥሩ ውስጡ ከአባቱ ቀፎዎች አንዱም በቦታው አልነበረም፤ ሁሉም ወድቀው፣ በስብሰው፣ ከርከሮ ተኝቶባቸዋል። በቀጣዩ ዓመት በቆሎው ደረሰ። ውሻው ግን ያቺ እግሩ አልዳነችም፤ እንዳነከሰ ኖረ።

የዚህ አደን ወሬ ሩቅ ሄደ። አንድ ቀን አንድ ባለጸጋ በበቅሎ ሆኖ መጣ፤ ሰፊ መሬት፣ ብዙ ጭሰኛ ያለው ሰው ነው።

«በሬ ልስጥህና ውሻውን ስጠኝ» አለ።

«ጌታዬ፣ በመሬትዎ ላይ ማንም የማይገባበት ጥሻ አለዎት?» ብሎ ጠየቀው ገበሬው።

«እንዴታ! ከአያቴ የወረደ ነው፤ አገር ያውቀዋል።»

«እንግዲያስ ይውሰዱት። ጥሻዎን አሸትቶ የጮኸ ቀን ግን አይግደሉት፤ ለእኔ ይመልሱልኝ። በሬውንም እመልሳለሁ።»

ባለጸጋው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ውሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ውሻውም ተመለከተው። ከዚያ ባለጸጋው በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ፤ ስለ ውሻውም ዳግመኛ አልላከም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄህ ትንሽ ጠማማ ናት። የሚያመሰግን ወይስ የሚያናድድ አልከኝ። የገበሬው ሁለት ውሾችም ሲያናድዱ ይውሉ ነበር፤ ስለዚህ የሚያናድድህን ሁሉ እውነተኛ ነው ብለህ አትሰብስብ። ደጅህን የሚጠናውን ሰው መጀመሪያ በሌላ ሰው ተረተር ላይ እየው። የምትጠላው ሰው ስሙ ሲነሣ፣ አንተም አንዲት ቃል እንዲጨምርልህ ጓጉተህ ስታየው፣ ያላየውን አላየሁም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ልብ በለው። ያ ሰው አንድ ቀን ወደ አንተ ቤት ዞሮ ይጮሃል። ዋጋው ያን ቀን ነው የሚታወቀው፤ ውድ ነው፣ በኩራትህ ነውና የሚከፈለው።

ትመታዋለህ። ሹም ነህ፤ ዱላው በእጅህ ነው፤ ያ ገበሬም መትቷል። ተመትቶ ተነሥቶ ከዚያው ቦታ ያንኑ ቃል ከደገመልህ ግን ዱላህን ጣልና ገጀራህን ይዘህ ግባ።