ካፒቴኑ ሳይመረቅ ማን ይወርዳል?

ተረት ተረት ስልሽ «የላም በረት» እንዳትዪኝ፣ ሶስና። ይሄ የባሕር ነው። «የመርከብ ደረት» በይኝ። አልሽ? ጎሽ። በይ ጻፊ።

አጎትሽ መላኩ ናይሮቢ ሥራው ቀንቶለት «ቤተሰቤን ባሕር ላይ ካላንሸራሸርኩ ሰው አይደለሁም» አለና ሰብስቦ ትልቅ መርከብ ላይ ጫነን። እኔ አለሁ። እማዬ፣ አያትሽ ማለቴ ነው፣ አለች። የእማዬ ታላቅ ወንድም አባባ ጥላዬ አሉ፣ በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሰው! የመላኩ ሚስት ሐረገወይን አለች። ልጃቸው ዮስቲናም አለች፤ የፊት ጥርሷ ገና መውለቁ ነው። መርከቡ ከደሴት ደሴት ይዞራል፤ ጠዋት ሰው ያወርዳል፣ ማታ ይሰበስባል።

አንድ ማታ የመርከቡ አስጎብኚ ዋንጂሩ መጣች። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሬዲዮ ከእጇ የማይጠፋ። «ነገ ደሴቲቱ ላይ ለቤተሰብ የሚሆን ብዙ ነገር አለ» አለች። «ከሥሩ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ፣ ዓሣ ያሳያል። የቅመም እርሻ አለ። የአሸዋ ቤት መሥራት አለ። ምን ትመርጣላችሁ?»

እንግዲህ የኛን ቤት ሰው ታውቂያለሽ። ምረጥ ሲባል አፉ ይታሰራል። መላኩ «ሐረግ የወደደችው» አለ። ሐረግ «እማማ የወደዱት» አለች። እማዬ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ ያለው» አለች። አባባ ጥላዬ ደግሞ «ለኔ አትጨነቁ» አሉ። ዋንጂሩ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች፣ የኔ እናት!

ያን ጊዜ ዮስቲና ብድግ አለችና «እኔ ትልቁን ኤሊ ማየት እፈልጋለሁ!» አለች። «እኔን የሚያክል ኤሊ አለ አሉ፣ ከአባባም በዕድሜ የሚበልጥ።»

«አለ» አለች ዋንጂሩ። «ግን እዚህ ደሴት ላይ ብቻ ነው። ነገ ካላየሽው አለቀ።»

ተወሰነ። ኤሊ!

ጠዋት መርከቡ ከደሴቲቱ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ሰው ሁሉ በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ዮስቲና ቢጫ የዋና ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ ደረጃው ላይ ቆመች። ጀልባ ነጂው «አባቷ ካልወረደ ልጅ አልጭንም» አለ። ወደ መላኩ ሮጥኩ።

«መላኩ፣ ውረድ እንጂ!»

«ሐረግ ሳትመጣ? አብደሻል? እሷን ጥዬ ባሕር ዳር ብንሸራሸር እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አታናግረኝም!»

ይኸውልሽ፦ ሐረግ ካልወረደች መላኩ አይወርድ፤ መላኩ ካልወረደ ዮስቲና አትወርድ፤ ዮስቲና ካልወረደች ኤሊው አይታይ።

ወደ ሐረግ ሮጥኩ። ዮስቲና ከኋላዬ ኩስ ኩስ ትላለች። ሐረግ ኮፍያዋን አድርጋለች፣ ቅባቷን ተቀብታለች፣ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሐረግ፣ ምን ይዞሽ ነው?»

«አማቴ ቁጭ ብለው እኔ ላስቲክ ጫማዬን እያንጣጣሁ ልውረድ? ምራት ሆኜ? አንቺው ራስሽ አይደለሽ አገር ቤት ገብተሽ የምታወሪው!»

አወራለሁ፣ አልዋሽሽም።

እንግዲህ፦ እማዬ ካልወረደች ሐረግ አትወርድ፤ ሐረግ ካልወረደች መላኩ አይወርድ፤ መላኩ ካልወረደ ዮስቲና አትወርድ፤ ዮስቲና ካልወረደች ኤሊው አይታይ።

ወደ እማዬ ወጣሁ። ደረጃው ደግሞ አያልቅም! እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ተነሺ፣ ሄድን!»

«ጋሼ መቼ ተነሳ? ታላቅ ወንድሜ ተቀምጦ እኔ ልቅደመው? እናንተ ናችሁ ዘመን የበላችሁ፣ እኔ አልተበላሁም።»

«የመርከብ ደረጃ እኮ ነው እማዬ፣ የርስት ክፍፍል አይደለም!»

«ደረጃም ቢሆን።»

በይ ቁጠሪ፦ አባባ ጥላዬ ካልወረዱ እማዬ አትወርድ፤ እማዬ ካልወረደች ሐረግ አትወርድ፤ ሐረግ ካልወረደች መላኩ አይወርድ፤ መላኩ ካልወረደ ዮስቲና አትወርድ፤ ዮስቲና ካልወረደች ኤሊው አይታይ።

አባባ ጥላዬ ከላይኛው ወለል ላይ ተቀምጠው ባሕሩን እያዩ ነበር። ሱፋቸውን እስከ ላይ ቆልፈዋል፣ ዱላቸውን ተመርኩዘዋል። አሁንስ ተገላገልኩ ብዬ «አባባ፣ ይነሱልን፣ እርስዎን ብቻ ነው የምንጠብቀው» አልኳቸው።

«ባለቤቱ የታለ?» አሉኝ።

«የምኑ ባለቤት?»

«የቤቱ ነዋ! በልተናል፣ ጠጥተናል፣ አልጋው ላይ ተኝተናል። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላየሁትም። አሁን ደግሞ ሳንመርቀው እንደ ሌባ ሹልክ ልንል ነው?»

«አባባ፣ ካፒቴኑን ነው? ማታ እኮ እንመለሳለን!»

«መመለሱን ማን ነገረሽ? መመለስ የእግዜር ነው። የሰው ቤት በልቶ ሳይመርቅ የሚወጣ ጅብ ነው፤ እኔ ጅብ አይደለሁም።» ዱላቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ።

ካፒቴኑ ካልተመረቀ አባባ ጥላዬ አይወርዱ፤ አባባ ጥላዬ ካልወረዱ እማዬ አትወርድ፤ እማዬ ካልወረደች ሐረግ አትወርድ፤ ሐረግ ካልወረደች መላኩ አይወርድ፤ መላኩ ካልወረደ ዮስቲና አትወርድ፤ ዮስቲና ካልወረደች ኤሊው አይታይ። ትንፋሼ አለቀ፤ አንቺስ እጅሽ አልደከመም?

ዋንጂሩን እየሮጠች አገኘኋት። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ካፒቴኑን ለአንዲት ደቂቃ አምጪልኝ፣ ሽማግሌ ሊመርቁት ነው» አልኳት።

«አይመጣም» አለች። «የመጨረሻው ጀልባ ሳይሄድ ካፒቴኑ መሪው ካለበት ክፍል አይወጣም። ሕጉ ነው።»

«ታዲያ የመጨረሻው ጀልባ ለምን አይሄድም?»

«እናንተን እየጠበቀ!» ብላ ጮኸች። «ባሕሩ ደግሞ እየሸሸ ነው። ውሃው ከሸሸ ጀልባው አሸዋው ላይ ይቀራል፣ የዛሬው ጉብኝት ይቀራል!»

አየሽልኝ ጉድ? ጀልባው ካልሄደ ካፒቴኑ አይመጣ፤ ካፒቴኑ ካልመጣ አይመረቅ፤ ካልተመረቀ አባባ ጥላዬ አይወርዱ፤ አባባ ጥላዬ ካልወረዱ እማዬ አትወርድ፤ እማዬ ካልወረደች ሐረግ አትወርድ፤ ሐረግ ካልወረደች መላኩ አይወርድ፤ መላኩ ካልወረደ ዮስቲና አትወርድ፤ ዮስቲና ካልወረደች ጀልባው አይሄድ! ዞሮ ዞሮ እዚያው፣ ጭራውን እንደሚያባርር ድመት!

ወደ ዮስቲና ዞር አልኩ። ከታች ጀልባ ነጂው ሞተሩን አስነሳ፤ ድምፁን ሰማችው። ማልቀስ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ የዋንጂሩ ሬዲዮ ላይ ተተከለ።

«በዚህ ካፒቴኑን ታናግሪዋለሽ?» አለቻት።

«አዎ።»

ዋንጂሩን በእጇ ጎትታ አባባ ጥላዬ ፊት አቆመቻት።

«አባባ፣ ለአዲስ ዓመት ናይሮቢ ደውለው ይመርቁን የለም እንዴ?»

«እመርቃችኋለሁ።»

«ታዲያ ምርቃቱ ይደርሰናል?»

«እንዴት አይደርስ! በሱ አይደል ያደግሽው!»

«እንግዲያው ካፒቴኑንም በዚህ ይመርቁት!»

አባባ ጥላዬ ሬዲዮውን አዩት። ልጅቷን አዩዋት። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁና ተነስተው ቆሙ። ዋንጂሩ ቁልፉን ተጫነችላቸው።

«ካፒቴን! ልጄ!» አሉ፤ ባሕሩ ሁሉ የሰማ ነው የመሰለኝ። «ባሕሩ እንደ ዘይት ይለስልስልህ!»

«አሜን!» አልን። መላኩም፣ ሐረግም፣ እማዬም ጩኸቱን ሰምተው መጥተዋል።

«ነፋሱ ከኋላህ ይሁን! ዓለቱ ከፊትህ ገለል ይበል!»

«አሜን!»

«የጫንከውን ሰው ሁሉ ለየእናቱ አስረክበህ፣ አንተም ለእናትህ ግባላት!»

«አሜን!»

አባባ ግን አልተቀመጡም። ዓይናቸው ሬዲዮው ላይ ነው። የተመረቀው ሰው ራሱ «አሜን» ካላለ ምርቃቱ አይደርስም። ሬዲዮው ሽ... ሽ... ይላል። ዮስቲና ጣቴን ጨመቀችኝ። ሰውዬው ከየትኛው አገር እንደሆነ አናውቅ፣ ቋንቋችንን አይችል፣ ምን ሊገባው ነው? አልኩ በልቤ።

ሽ... ሽ... ከዚያ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«አሜን!» ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ «አሜን፣ አሜን፣ ፓፓ!»

አንቺዬ! እልል አልኩት!

ካፒቴኑ አሜን አለ፣ አባባ ጥላዬ ወረዱ፤ አባባ ጥላዬ ወረዱ፣ እማዬ ወረደች፤ እማዬ ወረደች፣ ሐረግ ወረደች፤ ሐረግ ወረደች፣ መላኩ ወረደ፤ መላኩ ወረደ፣ ዮስቲና ወረደች፤ ዮስቲና ወረደች፣ ጀልባው ሄደ! ጀልባው ሆዱ አሸዋውን እየፋቀ ደረሰ። ለጥቂት!

ኤሊው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከአባባ ጥላዬ ሻንጣ ይተልቃል። ግን ምን ያደርጋል፣ አንገቱን ሰብስቦ ቤቱ ውስጥ ከቷል። ቆምን። ጠበቅን። ወይ ፍንክች! አባባ «ጌታው ተኝተዋል፣ አንረብሻቸው» ብለው ሊመለሱ ሲሉ ዮስቲና ፊቱ ተንበረከከች። ጎንበስ ብላ ወደ ጨለማው አየችና፦

«አንተ ደግሞ ማንን እየጠበቅህ ነው?»

ይኸውልሽ፣ ብትጠይቂ መላኩ ምስክሬ ነው፤ ያ ኤሊ አንገቱን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አወጣው። የተጨማደደ፣ ረጅም አንገት! ዮስቲና ከአገጩ ሥር አከከችው። ተመቸው መሰለኝ፣ በአራት እግሩ ብድግ ብሎ ቆመላት። ጥርስ የሌለውና ጥርስ የለሿ ፊት ለፊት ተሳሳቁ።

በይ፣ የመርከብ ደረት እንዳልሽ ተረቴን ለባሕሩ መልሺ፣ አፌን በማንጎ አብሺ።