የጉሬዛ ልጅ የራስ ቅባት

ተጠጉ፣ ተጠጉ። እግሩ የረዘመበት ይሰብስብ፣ ወሬ የጀመረም ይቋጭ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ፣ «ማን ነበረች ያልሽው?» ለሚል ሰው ወደ ኋላ አልመለስም።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳት እንደኛው ሲጋቡና ሲኳረፉ፣ ሽማግሌ ሲላላኩ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንዲት ጉሬዛ ትኖር ነበር። ጉሬዛን ታውቋት የለ? ያቺ ጥቁር ገላዋ ላይ ነጭ ጋቢ ጣል ያደረገች የምትመስለው። እመት ጉሬዛ ባሏ ሞቶባት ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ውድነሽ ትባላለች። ውድነሽ ለማዶው ጫካ ጉሬዛ ታጭታ፣ ሠርጓ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ታዲያ በዚህ መሃል ልጅቷን ቆረቆር ያዛት። ከአናቷ ጀምሮ ወደ ትከሻዋ ወረደ። ስታክከው ጸጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ይነሣል። ዛፍ ስትወጣ ግማሹ ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል። እናት ይህን ስታይ እህል አልወርድ አላት።

ለምን ብትሉኝ፣ የጉሬዛ ወግ እንዲህ ነው። በሠርጉ ዕለት የሙሽሪት እናት ቅባት በቅል ሞልታ ታቀርባለች። የሙሽራው እናት ከቅሉ ትዘግንና የሙሽሪትን ራስ እየዳበሰች ትቀባታለች፣ «ልጄ ነሽ» ትላታለች። ጸጉር መዳፏ ላይ ከቀረ ግን እጇን አራግፋ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ነው። ቅሉ ባዶ ሆኖ ከተገኘማ የባሰ ነው፤ ባዶ ቅል ማቅረብ «እናንተን አልፈለግንም» ማለት ነው። እንዲህ ሠርጓ የፈረሰባት ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ጠያቂ አይመጣላትም። እመት ጉሬዛ የምታስበው ይህንኑ ነበር።

በጎረቤት እትዬ ሸለምጥማጥ ነበረች። ጸጉሯ ያበራል፣ ጅራቷን ስትጎትት መንገዱ ለሷ ብቻ የተጠረገ ይመስላታል። አንድ ቀን ብቅ አለችና፣

«እህት ዓለም፣ ምን ሆንሽብኝ? ፊትሽ ጠቁሯል» አለች። የጉሬዛ ፊት መቼ ነጭ እንደነበር እሷ ትወቅ።

«ልጄ ጸጉሯ አለቀ፣ እትዬ። ምን ይሻለኛል?»

«የኔን እዪው እስቲ። እንዲያው ዝም ብሎ የሚያበራ ይመስልሻል? ለጋ ቅቤ በአደስ ነው። አንቺ ቅቤውን አምጪ፣ አደሱን ቁረጪ። አያያዙን ለኔ ተዪው።»

የሷ ጸጉር የሚያበራው በሰው ዶሮ ነው። ይህን ግን ማን ያውጣው።

እመት ጉሬዛ ወደ ላም ሄደች። «እመቤቴ ላም፣ ልጄን ልድርበት፣ ወተት ስጪኝ።» ላምም፣ «እኔ ልስጥሽ፣ አንቺ ደግሞ ያንን ከላይ ያለውን ለምለም ቅጠል አውርጂልኝ፤ አንገቴ አይደርስልኝም» አለቻት። ሰባት ቀን ቅጠል አወረደች። ሰባት ቀን ወተት ተቀበለች። አረጋችው፣ ናጠችው፣ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ወጣት። ከገደሉ አፋፍ አደስ ቆርጣ፣ በጥላ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ ከቅቤው ጋር ለወሰችው። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ። እትዬ ሸለምጥማጥ ሳትጠራ መጣች።

«በይ አሁን ይቀመስ» አለች።

«የራስ ቅባት ይቀመሳል እንዴ?»

«ያልተቀመሰ ቅባት ጸጉር አያበቅልም። በጣቴ ጫፍ ብቻ፣ እህት ዓለም፣ በጣቴ ጫፍ ብቻ። አንቺ ይልቅ ውኃ ቅጂና ነይ፤ ራሷ ሳይታጠብ አይቀባም።»

ጉሬዛ ወደ ወንዝ ወረደች። ጣት ገባ። ከጣት ኋላ መዳፍ ገባ። ከመዳፍ ኋላ ምላስ ገባ። ጉሬዛ ውኃዋን ተሸክማ ስትመለስ ቅሉ ታጥቦ የተደፋ ይመስላል።

«ቅቤውስ?»

«ጸሐይ ጠጣችው። ጸሐይ ላይ አስቀምጪ ማን አለሽ?»

እመት ጉሬዛ የጎረቤቷን ጢም አየችው፤ ወዝ አለው።  በዓይኔ ሳላይ እንዴት ጎረቤቴን ሌባ እላለሁ፣ ነገስ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለች በሆዷ። ይሉኝታ ይዟት ነው። ይሉኝታ ስንቱን እንዳስራበ እኔ ነኝ የማውቅ።

እንደገና ሰባት ቀን ቅጠል፣ ሰባት ቀን ወተት። እንደገና ገደል፣ እንደገና አደስ። ቅሉን አሁን ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። እትዬ ሸለምጥማጥ እንደገና መጣች።

«ያልተቀመሰ ቅባት ጸጉር አያበቅልም። በጣቴ ጫፍ ብቻ፣ እህት ዓለም፣ በጣቴ ጫፍ ብቻ። አንቺ ውኃ ቅጂና ነይ።»

ጣት ገባ። ከጣት ኋላ መዳፍ ገባ። ከመዳፍ ኋላ ምላስ ገባ።

«አሁንስ ቅቤው የት ሄደ፣ እትዬ?»

«ቅሉ ጠጣው። አዲስ ቅል ቅቤ እንደሚጠጣ አታውቂም? አንቺ ሴት ግን ማን ነው ያሳደገሽ?»

ጉሬዛ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ላም ብትሄድ፣ ላም፣ «ጥጃዬ ከሳብኝ፣ አሁንስ ይቅርታሽን» አለቻት። እውነቷን ነው፣ ምን ታድርግ። ሠርጉ አንድ ወር ከሳምንት ቀረው።

እመት ጉሬዛ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ቀና ስትል ምን አየች መሰላችሁ? ጉሎ። ከአጥሩ ጋር የበቀለ፣ ፍሬው የተንዠረገገ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ጉሎ። እናቷ ድሮ በጉሎ ዘይት ትቀባት እንደነበር ትዝ አላት። እንግዲህ ላምም አልለምን፣ ማንንም አልለምን ብላ እንባዋን ጠረገች።

ፍሬውን ለቅማ ጸሐይ ላይ አሰጣችው። እየተንጣጣ ከገለባው ወጣ። ፍሬውን ቆላችው፣ በሙቀጫ ወቀጠችው፣ በድስት ውኃ ጨምራ ቀቀለችው። ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በማንኪያ እየገፈፈች ወደ ሌላ ድስት ገለበጠችው። ያንንም መልሳ ጣደችው፤ ውኃ ያለበት ዘይት ይሸታልና። ቸሰስ ቸሰስ ማለቱን እስኪተው ድረስ ከእሳቱ አልተነሣችም። ዝም ሲል አውርዳ አደሱን ነሰነሰችበትና ከድና ሦስት ቀን አሳደረችው።

እትዬ ሸለምጥማጥ አፍንጫዋን እየነፋች መጣች።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?»

«ጉሎ ነው። ይሄ ለራስ ነው እንጂ ለሆድ አይሆንም፣ እትዬ። እናቴ፣ ‹ጉሎ የጠጣ ሜዳውም አይበቃው› ትል ነበር። እንዳትነኪው።»

ሽታው እንደ ቅቤ ስላልሆነ እትዬ ሸለምጥማጥ ለጊዜው ፊቷን አዙራ ሄደች። እመት ጉሬዛም በየማለዳው የልጇን ራስ አጥባ፣ በጣቷ ሥሩን እያሸች ትቀባት ጀመር። በሳምንቱ ማሳከኩ ተዋት። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ብቅ አለ። ወሩ ሲሞላ ውድነሽ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ጸጉሯ ተከትሏት ይሄዳል። እናት ከሥር ቆማ ሽቅብ እያየች ትስቃለች። እንደዚያ ወር ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም።

ሸለምጥማጥም ታያለች። እያየች ታስባለች። «ቅቤ እንኳ ይህን ያህል አያበራም። ከቅቤ የሚበልጥ ነገር ቢሆን ነው። ለሆድ አይሆንም ያለችኝ ልትደብቀኝ ነው እንጂ። ይቺ ቆጥቋጣ።» እውነት የነገሯት ውሸት መሰላት። ሌባ ሁሉን እንደ ራሱ ነው የሚያየው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። እመት ጉሬዛ ማለዳ ልጇን ቀብታ፣ የቀረውን ዘይት በሙሉ ለሙሽራው እናት ብላ በቅል ሞላችው። በቅጠል ሸፍና ከዋርካው ሥር አኖረችው። ይኼኔ እትዬ ሸለምጥማጥ ጅራቷን አበጥራ ከች አለች።

«አንቺ ሙሽሪትን አልብሺ፣ ቅሉን እኔ እጠብቃለሁ» አለች፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።

በሰው ፊት «አላምንሽም» ትበል? ጉሬዛ ልቧ እየፈራ ገባች። ሸለምጥማጥም ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። «በጣቴ ጫፍ ብቻ» አለች፣ የሚሰማት ሳይኖር። ጣት ገባ። ከጣት ኋላ መዳፍ ገባ። ከመዳፍ ኋላ ምላስ ገባ። ወፍራም ነው፣ ጣዕምም የለው። «መልካም ነገር መጀመሪያ አፍ ላይ ያስቸግራል» አለችና አንስታ ጨለጠችው። ቅጠሉን እንደነበረ መለሰች፣ ጢሟን ጠራረገች፣ ሄዳ ከትልልቆቹ ጋር ተቀመጠች።

ሙሽራው መጣ፣ እናቱ መጣች፣ ማዶው ጫካ ተነቅሎ መጣ። ከመቀባቱ በፊት ምርቃት አለ። መራቂው አባ ኤሊ ናቸው። አባ ኤሊ ሲራመዱ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሲመርቁም እንደዚያው ናቸው። በዚያ አገር ደግሞ ከምርቃት መሃል ማንም አይነሣም። የተነሣ እንደሆነ ምክንያቱን በጉባኤው ፊት ይናገራል። ካልተናገረ ቂም አለው ተብሎ ምርቃቱ ከሥሩ ይጀመራል።

«ውለዱ… ክበዱ…» አሉ አባ ኤሊ።

«አሜን።»

«ጎጇችሁ… ይሙቅ…»

«አሜን።»

የእትዬ ሸለምጥማጥ ሆድ ጉር አለ። ከጎኗ የተቀመጠው ጃርት ዞር ብሎ አያት። እንደገና ጉር አለ። ጅራቷን ሰብስባ በቀስታ ብድግ አለች።

«ማን ነው የተነሣው?» አሉ አባ ኤሊ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። እንዲያው እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«እግር ማፍታታት ምክንያት አይደለም። ቁጭ በይ። በሉ ከመጀመሪያው። ውለዱ… ክበዱ…»

አትሳቅ አንተ፣ ገና ነው። ሸለምጥማጥ ተቀመጠች። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትቀመጣለች። ላብ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። ሁሉ «አሜን» ሲል እሷ «ወይኔ» ትላለች። አባ ኤሊ ከልጆች ወደ ልጅ ልጆች፣ ከልጅ ልጆች ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ዝናብ ሲሻገሩ ተስፋዋ ተሟጠጠ። ዘላ ተነሣች።

«ደግሞ አንቺ ነሽ? ምክንያትሽን ተናገሪ፣ አለዚያ ከመጀመሪያው ነው።»

«ከመጀመሪያው አይሁን አባቴ፣ በእግዜር። ሆዴ ነው።»

«ሆድሽ ምን አገኘው?»

«በጣቴ ጫፍ ብቻ…»

«ምን በጣትሽ ጫፍ?»

«ቅባቱን ጠጥቼዋለሁ። የዛሬውን ሁሉንም ነው የጠጣሁት። የፊተኛውን ቅቤም፣ የኋለኛውንም የበላሁት እኔ ነኝ። ጸሐይም አልጠጣችው፣ ቅልም አልጠጣው። አሁን ልቀቁኝ።»

መልስ አልጠበቀችም። ከቁጥቋጦው ኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ምግብ ገና አልበላችሁም።

  የሙሽራው እናት ተነሥታ ወደ ዋርካው ሄደች፣ ቅጠሉን አነሣችው። ቅሉ ባዶ ነው።

«ይህን ሳልሰማ ገልጬው ቢሆን ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ንቀውኛል ብዬ ልጄን ይዤ ነበር የምመለስ።»

ወደ ውድነሽ ተጠጋች። እጇን ከአናቷ እስከ ትከሻዋ አወረደችው፣ ደግማ አወረደችው። መዳፏን ገልብጣ ለሰው ሁሉ አሳየች። አንዲት ጸጉር የለባትም፤ የጠዋቱ ቅባት ብቻ ያብረቀርቃል።

«ከቅሉ ቢያልቅ ከልጅቷ ራስ አላለቀም» አለች። በዚያው መዳፏ ያንኑ ቅባት በልጅቷ ግንባር ላይ አሸችው። «ልጄ ነሽ» አለቻት።

እልልታው ጫካውን ሞላው። እመት ጉሬዛ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። አባ ኤሊ ግን፣ «ተቀመጡ እንጂ፣ ዝናቡን ገና አልጨረስኩም» አሉ፤ ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ።

እትዬ ሸለምጥማጥ የመጣችው ድግሱ ሊያልቅ ሲል ነው። ለሷ የተቀመጠ ዶሮ ነበር፤ አልነካችውም። እመት ጉሬዛ በእጇ አጥሚት አጠጣቻትና፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ለሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ጉሎውን የምትወቅጪው አንቺ ነሽ» አለቻት። በዓይኗ ሳታይ የማትናገረዋ ጉሬዛ እንዲህ ስትል ሰምታ ሸለምጥማጥ አንገቷን ደፋች። ወቀጠችም። እየወቀጠች ሳለ ጣቷን እንኳ አልላሰችም።

እኔ ይህን ከአያቴ ተቀበልኩ፣ ለናንተ አስረከብኩ፤ እናንተም ሳትቀንሱ ለልጆቻችሁ አድርሱ። ለዚህ ነው የአገራችን ሽማግሌ፣

«የራስ ቅባት የጠጣ፣ ሳይመረቅ ወጣ» የሚለው።