ለማስረጃ የተያዘችው ወፍ

አንድ ሐይቅ ዳር የሚያርስ ገበሬ ነበረ። ዓይኑ ማዶ ያለች ዝንብ ስታዛጋ ያያል፤ ሚስቱ ግን ደጁ ላይ የቆመ በሬ ጠፋኝ ብሎ አገር ያስሳል ትላለች።

በዚያ አገር ሽንብራ የሚዘራው ሐይቁ ሲሸሽ በሚተወው ጭቃ ላይ ነው። ውኃው ድንበር ስለሚያጠፋ፣ ሽማግሌዎች ዕጣ አውጥተው መሬቱን ሳያካፍሉ ማንም ሞፈር አያነሳም። ታዲያ ውኃው ሸሽቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ የቸኮለ ዘሩ ይበሰብስበታል፣ የዘገየ ጭቃው ድንጋይ ይሆንበታል። አንዲት እንግዳ ዳክዬ ከመጣች ግን ውኃው አይመለስም። ዕጣውም የሚወጣው እሷ ስትታይ ነበር።

ያን ዓመት ጎተራው ሁሉ ተሟጦ አይጥ እንኳ አገር ጥሎ ተሰዷል። ገበሬው አንድ ማለዳ እንግዳዋን ከዳክዬዎቹ መካከል አያት። መልኳ እንደ ሌሎቹ ቡናማ ነው። ሌሎቹ ግን ጭንቅላታቸውን ነክረው ቂጣቸውን ለሰማይ ሲያሳዩ፣ እሷ ውኃውን ሳታናውጥ ትጠልቅና ከሩቅ ብቅ ትላለች። ሮጦ ለሽማግሌዎቹ ነገረ።

«ዳክዬ ሁሉ ዳክዬ ነው። ርሃቡ ነው የሚያሳይህ» አሉት።

«ኑና እዩዋት፣ አባቶቼ።»

«በዚህ ጉልበታችን? አንተው አምጣትና እዚህ አሳየን።»

የልጆቹ ሆድ ታየው። ወጥመድ ዘርግቶ ያዛት፤ እንዳታመልጠው ፈርቶ አንገቷን ጠመዘዘና ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር አኖራት። ክንፏን ገለጠ፤ እግሯን ጎተተ፤ ምንቃሯን ከፈተ። እርጥብ፣ ቡናማ ዳክዬ።

«ታዲያ ይቺ በምን ተለየች?»

«ስትጠልቅ ብታዩዋት...»

«እስቲ ጥለቂ በላታ» አለ አንዱ። ሳቁበት፤ ዕጣውም ሳይወጣ ቀረ።

ውኃው አልተመለሰም። ዘግይተው ዕጣ ሲያወጡ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ማረሻ አልገባ አለው። ገበሬው ታናሽ ልጁን ሲቀብር፣ ለቀስተኛው ከሟቹ የሚለየው በመቆሙ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አንተ ወዳጄ ቢያድግልኝ፣ «ሚስቴ ከሌላው ሴት እንደምትለይ ለዘመዶቼ በምን ላስመስክር? ባልሽ ሞተ ተብሎ መርዶ ይነገራትና አለቃቀሷን ተደብቀን እንይ ይሉኛል» ብለህ ጠየቅኸኝ። ገበሬው አንተ ነህ፤ ወፏ እሷ ናት። የምትለየው በኑሮዋ ነው፤ ማየት የፈለገ ቤትህ መጥቶ አብሮ ይክረም። በመርዶ ገድለህ ካሳየሃቸው ግን፣ ከተደበቅህበት ስትወጣ የምታገኛት እንደማንኛዋም የተታለለች ሴት ናት። ዘመዶችህም ያኔ ከበው አይተዋት፣ «ሴት ሁሉ አንድ ናት፤ አላልንህም?» ይሉሃል።